የመጀመሪያዪቱ ደቂቃ፤ የዶክተር ቨርጂንያ አፕጋር ሕይወትና ሥራ

ከአዲስ አበባ ክፍለ ከተሞች መካከል ስሙ ራሱ መወለድን የሚያሳስብ ልደታ ነው። ስሙ የተገኘው ግንቦት 1 ቀን በየዓመቱ የእመቤታችን የቅድስት ማርያም ልደት ከሚከበርባት ቤተ ክርስቲያን እንደ ሆነ የታወቀ ነው። በአገራችን ምጥ የያዛት ሴት ማርያምን ትጠራለች፤ በሰላም በተገላገለችም ጊዜ ወዳጅ ዘመድ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ይላታል። ደጅ ቆመው የሚጠባበቁት ቤተ ዘመዶችም አስቀድመው የሚጠይቁት «ወንድ ነው ወይስ ሴት?» ብለው ነው፤ የእልልታውም ቍጥር እንደ መልሱ ይለያያል። ነገር ግን ከዚህ ጥያቄ በፊት ሊጠየቅ የሚገባው ሌላ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም «ሕፃኑ ተነፈሰ ወይ?» የሚለው ነው። ይህ ጥያቄ በዓለም ዙሪያ ባሉ የማዋለጃ ክፍሎች በአንዲት ደቂቃ ውስጥ በቍጥር እንዲመለስ ያደረጉት አንዲት ሴት ሐኪም ናቸው።

ወደዚህ ታሪክ የመራን አንድ ትንሽ ወረቀት ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት እኅታችን በልደታ ክፍለ ከተማ በሚገኝ አንድ ሆስፒታል በቀዶ ሕክምና በወለደች ጊዜ፣ እኛ ከደጅ ቆመን ስንጠባበቅ የሕፃኑ ድምፅ ወዲያው አልተሰማም ነበር። ያች ዝምታ ምን ያህል እንደ ረዘመች በዚያን ጊዜ ለመለካት የሚችል ልብ አልነበረንም። በማግሥቱ የልደቱን ወረቀት ስንመለከት «አፕጋር 4፣ 8» የሚል ጽሑፍ አገኘን። ቃሉ የመድኃኒት ስም መስሎን አዋላጂቱን ብንጠይቃት፣ ሕፃኑ በተወለደ በመጀመሪያዪቱ ደቂቃ ከዐሥር አራት ነጥብ ብቻ እንዳገኘ፣ በአየር መስጫ ከረጢትና በጭንብል ከተረዳ በኋላ ግን በአምስተኛዪቱ ደቂቃ ስምንት እንደ ደረሰ በትዕግሥት አስረዳችን። አፕጋር መድኃኒትም መሣሪያም አይደለም፤ የሰው ስም ነው። እኛ በመሥሪያ ቤት መዝገብ ስንሞላና ቍጥር ስንደምር የምንውል ሰዎች ስለ ሆንን፣ አንድ ቍጥር እንዲህ ያለ ሥራ ሲሠራ ማየታችን የስሙን ባለቤት ታሪክ እንድንመረምር አነሣሣን። ከዚህ ቀጥሎ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አንባብያን ይገንዘቡልን።

የዶክተር አፕጋርን ሥራ በሚገባ ለመረዳት አስቀድሞ ስለ ሰመመን ሕክምና ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። በኦክቶበር 16 ቀን 1846 ዊልያም ሞርተን የተባለ የጥርስ ሐኪም በአሜሪካ በቦስተን ከተማ አንድን በሽተኛ በኤተር ትንፋሽ አደንዝዞ፣ ቀዶ ሕክምናው ያለ ሥቃይ ሲፈጸም በሐኪሞች ፊት አሳየ። በሚቀጥለው ዓመት በ1847 ጄምስ ሲምሰን የተባሉ የስኮትላንድ ሐኪም ክሎሮፎርም የተባለውን ማደንዘዣ ምጥ ለያዛቸው ሴቶች መስጠት ጀመሩ። የምጥ ሕመም በኦሪት የተነገረ ስለ ሆነ ሊወገድ አይገባውም ብለው የተቃወሙም አልታጡም። ይሁን እንጂ በ1853 ንግሥት ቪክቶሪያ ልዑል ሊዮፖልድን በወለዱ ጊዜ ዶክተር ጆን ስኖው ክሎሮፎርም ሰጥተዋቸው ስለ ነበር፣ ተቃውሞው ከዚያ በኋላ እየቀዘቀዘ ሄደ። በዚህ ሁሉ ክርክር ውስጥ ግን የተረሳ አንድ ሦስተኛ ወገን ነበር። እናት የምትስበው ማደንዘዣ በደሟ አልፎ፣ በእንግዴ ልጅና በእትብት በኩል ወደ ሕፃኑ ይደርሳል። የእናት ሕመም በታገሠበት ሰዓት ሕፃኑ ምን እንደ ሆነ የሚመለከት ሰው አልነበረም፤ ቢኖርም የሚያየውን የሚለካበት ሚዛን አልነበረውም።

ቨርጂንያ አፕጋር በጁን 7 ቀን 1909 በአሜሪካ በኒው ጀርዚ ግዛት በዌስትፊልድ ከተማ ተወለዱ። አባታቸው ቻርልስ አፕጋር በትርፍ ጊዜያቸው ከዋክብትን የሚመለከቱና የራዲዮ ሞገድ የሚመረምሩ፣ ነገርን ሁሉ ለመረዳት የሚጓጉ ሰው ነበሩ። ከወንድሞቻቸው አንዱ በልጅነቱ በሳንባ ነቀርሳ ሞቶባቸዋል። ምናልባትም የቤታቸው ምርምርና የቤታቸው ሐዘን ተጋግዘው ወደ ሕክምና ሳይመሯቸው አልቀረም። በማውንት ሆልዮክ ኮሌጅ የእንስሳትን ሥነ ፍጥረት ሲማሩ ገንዘባቸው ስላልበቃ ልዩ ልዩ ሥራ እየሠሩ ነበር፤ ከነዚህም አንዱ ለኮሌጁ ቤተ ሙከራ ድመቶችን መያዝ ነበረ። በ1929 ከዚያ ተመርቀው በኒውዮርክ ወደሚገኘው የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ትምህርት ቤት ገቡ። በገቡ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ የአሜሪካ የገንዘብ ገበያ ወድቆ ታላቁ የኢኮኖሚ ችግር ስለ ተጀመረ፣ ትምህርታቸውን የፈጸሙት በብድር ነው። በ1933 ከክፍላቸው አራተኛ ሆነው ተመረቁ።

ምኞታቸው የቀዶ ሕክምና ሐኪም ለመሆን ነበረ፤ በዚሁ ሙያ በፕሬስቢቴሪያን ሆስፒታል መለማመድ ጀምረው ችሎታቸውም ተመስክሮላቸው ነበር። የክፍሉ አለቃ የነበሩት ዶክተር አለን ዊፕል ግን በሌላ መንገድ እንዲሄዱ መከሯቸው። ከዚያ በፊት ያስተማሯቸው ሴቶች ሐኪሞች በቀዶ ሕክምና ኑሯቸውን ለማቋቋም እንዳልቻሉ፣ በዚያ የችግር ዘመን በቂ ደንበኛ የሚያገኙት ወንዶች ብቻ እንደ ሆኑ ነገሯቸው። በዚያውም ላይ የሰመመን ሕክምና ካልተሻሻለ ቀዶ ሕክምናም ሊራመድ እንደማይችል ዶክተር ዊፕል ያውቁ ነበርና፣ ይህን አዲስ ሙያ እንዲይዙ አሳሰቧቸው። በዚያ ዘመን በአሜሪካ ማደንዘዣ የሚሰጡት ይልቁንም ነርሶች ነበሩ፤ ከሐኪሞች ወገን ሙያውን እንደ ዋና ሥራ የሚይዘው እጅግ ጥቂት ነበረ። ለአንዲት ወጣት ሐኪም ይህ ምክር ከምኞቷ ደጃፍ መመለስ ያህል ይከብድ እንደ ነበር ለመገመት አያዳግትም። ዶክተር አፕጋር ግን ምክሩን ተቀበሉ፤ ያገኙትንም ቦታ እንደ ቅጣት ሳይሆን እንደ መመልከቻ ሰገነት ቈጠሩት።

ትምህርቱን ለመቅሰም መጀመሪያ በገዛ ሆስፒታላቸው ካሉት ነርሶች ተማሩ። ቀጥሎም በ1937 ወደ ዊስኮንሲን ሄደው፣ በአሜሪካ የሰመመን ሕክምናን በዩኒቨርሲቲ ደረጃ ካቋቋሙት ከዶክተር ራልፍ ወተርስ ዘንድ ስድስት ወር ተቀመጡ። ለሴት ሐኪም የተዘጋጀ ማደሪያ ስላልነበረ ከቦታ ቦታ ሲንከራተቱ ነበር። ከዚያም በኒውዮርክ በቤልቪው ሆስፒታል ከዶክተር ኤመሪ ሮቨንስታይን ጋራ ሌላ ስድስት ወር ሠርተው፣ በ1938 ወደ ፕሬስቢቴሪያን ሲመለሱ የአዲሱ የሰመመን ክፍል አለቃ ተባሉ። በዚያ ሆስፒታል አንዲት ሴት የሥራ ክፍል አለቃ ስትሆን የመጀመሪያዪቱ እሳቸው ናቸው። ሹመቱ ግን በስም እንጂ በሰው ኀይል የተደገፈ አልነበረም። ክፍያው አነስተኛ፣ ክብሩም ዝቅተኛ ስለ ነበረ ለሙያው የሚመጣ ሐኪም ታጥቶ፣ ብዙ ዓመት አስተማሪዋም አሠሪዋም ሠራተኛዋም እሳቸው ብቻ ሆነው ቈዩ።

ዐሥራ አንድ ዓመት እንዲህ ደክመው ክፍሉን ካቆሙት በኋላ፣ በ1949 ክፍሉ ራሱን የቻለ የትምህርት ክፍል እንዲሆን ተወሰነ። በዚያን ጊዜ አለቅነቱ ይገባቸዋል ብሎ ያሰበ ሁሉ ነበረ፤ ሆኖም ሥልጣኑ ለዶክተር ኢማኑኤል ፓፐር ተሰጠ። በዚሁ ዓመት ለዶክተር አፕጋር የሙሉ ፕሮፌሰርነት ማዕርግ ተሰጣቸው፤ በኮሎምቢያ የሕክምና ትምህርት ቤት ይህን ማዕርግ ካገኙት ሴቶች የመጀመሪያዪቱ ናቸው። እንግዲህ ሁለት ጊዜ ከተመኙት በር ተመለሱ ማለት ነው፤ መጀመሪያ ከቀዶ ሕክምና፣ ሁለተኛም ከአለቅነት። ብዙ ሰው በእንዲህ ያለ ጊዜ ያለፈውን ሲያሰላስል ዘመኑን ይጨርሳል። እሳቸው ግን ከአስተዳደር ሸክም ነጻ በመሆናቸው የማዋለጃውን ክፍል ሥራቸው አደረጉ፤ ስማቸው በዓለም እንዲጠራ ያደረገውም ይኸው ነው።

ማደንዘዣ የሚሰጥ ሐኪም የሚቆመው በበሽተኛዪቱ ራስጌ ነው። የቀዶ ሕክምናው ሐኪም ወይም አዋላጁ በእናቲቱ ላይ ሲያተኩር፣ ራስጌ የቆመው ሐኪም እናቲቱንም፣ ገና የወጣውንም ሕፃን ለማየት ይችላል። ዶክተር አፕጋር ከዚህ ቦታ ሆነው የተገነዘቡት ነገር የሚያሳዝን ነበር። በአሜሪካ በሕፃንነታቸው የሚሞቱ ልጆች ቍጥር ከዓመት ወደ ዓመት ሲቀንስ፣ በተወለዱ በመጀመሪያዪቱ ቀን የሚሞቱት ግን እምብዛም አልቀነሱም ነበር። ደክሞና ጠቍሮ የተወለደ ሕፃን ብዙ ጊዜ «ሞቶ የተወለደ» ተብሎ ይተዋል፤ አለዚያም አንዱ ሐኪም ደኅና ነው ሲለው ሌላው ደኅና አይደለም ይለዋል። የጋራ ቋንቋ አልነበረም።

እንደሚተረከው በ1949 አንድ ቀን በሆስፒታሉ የምግብ አዳራሽ ቍርስ ሲበሉ፣ አንድ ተማሪ የተወለደን ሕፃን ሁኔታ እንዴት መመዘን እንደሚቻል ጠየቃቸው። እሳቸውም ይህማ ቀላል ነው ብለው በእጃቸው የገባውን ቍራጭ ወረቀት አንሥተው አምስት ነገሮች ጻፉበት፤ ወዲያውም ሊፈትኑት ወደ ማዋለጃው ክፍል ሄዱ ይባላል። አምስቱም ነገሮች የልብ ምት፣ አተነፋፈስ፣ የጡንቻ ብርታት፣ ሲነኩት የሚሰጠው ምላሽና የሰውነቱ ቀለም ናቸው። ለእያንዳንዱ ዜሮ፣ አንድ ወይም ሁለት ነጥብ ይሰጣል። ልቡ የማይመታ ሕፃን ዜሮ፣ በደቂቃ ከመቶ በታች የሚመታ አንድ፣ ከመቶ በላይ የሚመታ ሁለት ያገኛል። የማይተነፍስ ዜሮ፣ በዝግታና በመቈራረጥ የሚተነፍስ አንድ፣ አጥብቆ የሚያለቅስ ሁለት ያገኛል። የቀሩትም በዚሁ ዐይነት ተመዝነው ድምሩ ቢበዛ ዐሥር ይሆናል። መሣሪያ አያስፈልገውም፤ ዐይን፣ ጆሮ፣ ጣትና ሰዓት ይበቁታል። ይህም ለትልቁ ሆስፒታል ብቻ ሳይሆን መብራት ለሌለው የገጠር ጤና ጣቢያ እንዲስማማ አድርጎታል።

ይህን አሳብ በ1952 በሐኪሞች ጉባኤ ላይ አቅርበው በ1953 በመጽሔት አሳተሙት። በዚያ ጽሑፍ እንደ ተገለጸው፣ ጊዜያቸውን ጠብቀው ከተወለዱት መካከል ከዜሮ እስከ ሁለት ነጥብ ካገኙት ሕፃናት ከመቶ 14 ያህሉ ሲሞቱ፣ ከስምንት እስከ ዐሥር ካገኙት ግን ከሺሕ አንድ ያህል ብቻ ነበሩ የሞቱት። ነጥቡ የሚሰጠው ሕፃኑ በተወለደ በመጀመሪያዪቱ ደቂቃ ነበረ፤ ኋላ ግን የተደረገለት ርዳታ ምን እንዳስገኘ ለማወቅ በአምስተኛዪቱ ደቂቃ እንዲደገም ተደረገ። ቀጥሎም በ12 ተቋሞች በተወለዱ 17,221 ሕፃናት ላይ በተደረገ ምርመራ የአምስተኛዪቱ ደቂቃ ነጥብ ስለ ሕፃኑ በሕይወት መቈየት ይበልጥ እንደሚያመለክት ታወቀ።

በዚህ ሥራ ውስጥ ለኛ ለመሥሪያ ቤት ሰዎች የተለየ ትምህርት የሚሆን አንድ ደንብ አለ። ዶክተር አፕጋር ነጥቡን የሚሰጠው ሰው ሕፃኑን ያዋለደው ራሱ እንዳይሆን አሳሰቡ። ምክንያቱም የደከመበት ሰው፣ ሳይታወቀውም ቢሆን፣ ለገዛ ሥራው አብልጦ ይሰጣል። ሥራውን የሠራና ሥራውን የመዘነ አንድ ሰው ሲሆን ቍጥሩ ያማረ፣ እውነቱ ግን የተሰወረ ይሆናል። ይህ ደንብ ከማዋለጃ ክፍል ውጭም ብዙ ቦታ የሚያስፈልግ መሆኑን አንባቢ ራሱ ይመስክር።

ዶክተር አፕጋር ይህን ደንብ በራሳቸውም ላይ ፈጽመውታል። ከዶክተር ስታንሊ ጄምስና ከዶክተር ዳንከን ሆላዴይ ጋራ ሆነው የተወለዱትን ሕፃናት ደም በመረመሩ ጊዜ፣ ዝቅተኛ ነጥብ ያገኙት ሕፃናት በደማቸው ውስጥ ኦክሲጅን እንዳነሰና አሲድ እንደ በዛ አገኙ። ከዚያ በፊት ግን ኦክሲጅን ማነስ ለተወለደ ሕፃን ሁሉ የተፈጥሮ ነገር ነው ተብሎ ይታሰብ ነበረ። ከዚህም ጋራ ሳይክሎፕሮፔን የተባለውን የማደንዘዣ ጋዝ የሳቡ እናቶች የሚወልዷቸው ሕፃናት፣ በከፊል ሰውነት ብቻ ከደነዘዙ እናቶች ከሚወለዱት ይልቅ ደክመው እንደሚወለዱ ተገለጠ። ይህ ጋዝ ዶክተር አፕጋር ከሁሉ አብልጠው የሚወዱት ማደንዘዣ ነበረ። ማስረጃውን ባዩ ጊዜ ግን ለማስተባበል አልሞከሩም፤ በማዋለጃ ክፍል የሚወዱትን ጋዝ ተሰናበቱት። የእናትን ሕመም ማስታገሥ ተገቢ ነው፤ ሆኖም በሕፃኑ ትንፋሽ የሚከፈል ከሆነ ሌላ መንገድ መፈለግ ይገባል። ይህን ለመናገር ቀላል ነው፤ ሐኪሙ የሚወደውን ልማድ እንዲተው የሚያስገድደው ግን የተለካ ነገር ሲቀርብለት ነው።

ጠባያቸውንም በተመለከተ ጥቂት እንበል። ዶክተር አፕጋር ፈጥነው የሚናገሩ፣ ፈጥነው የሚራመዱ፣ ሣቅ የሚወዱ ሴት ነበሩ። በመንገድ ላይ ትንፋሹ የታገደ ሰው ቢያጋጥማቸው ለመርዳት እንዲችሉ ሰንጢና የመተንፈሻ ቱቦ ከቦርሳቸው አይለይም ነበር። ከልጅነታቸው ጀምሮ ቫዮሊን ይጫወታሉ፤ ካደጉም በኋላ የሙዚቃ መሣሪያ በገዛ እጃቸው መሥራት ተማሩ። በሆስፒታሉ የስልክ መነጋገሪያ ክፍል ውስጥ የነበረ አንድ መደርደሪያ ለመሣሪያው የሚስማማ መልካም እንጨት ሆኖ ስላገኙት፣ ሌሊት ከጓደኛቸው ጋራ ነቅለው በሌላ እንጨት እንደ ተኩት ይተረክላቸዋል። ይህን የምንጽፈው ድርጊቱን ለማመስገን አይደለም፤ ታላላቅ ሰዎች ሐውልት ሳይሆኑ ሰዎች መሆናቸውን ለማስታወስ ነው።

በ1959 ዕድሜያቸው ሃምሳ ሲሞላ በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የሕዝብ ጤና ትምህርት ተምረው በማስተርስ ዲግሪ ተመረቁ። ከዚያም ማርች ኦፍ ዳይምስ በሚባለው ድርጅት ገብተው፣ ከጉድለት ጋራ ስለሚወለዱ ሕፃናት የሚደረገውን ምርምር ሲመሩና ሕዝብን ሲያስተምሩ ቈዩ። ወላጆች በኀፍረት ይሸሽጉት የነበረውን ነገር በአደባባይ እንዲነገር አደረጉ። በኦገስት 7 ቀን 1974 በዚያው በተማሩበትና በሠሩበት የሕክምና ማዕከል ዐረፉ። በ1994 የአሜሪካ መንግሥት መልካቸው ያለበት የፖስታ ቴምብር አወጣላቸው።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። ዶክተር አፕጋር በኒውዮርክ ሆነው ይህን ሲያጠኑ በኢትዮጵያም የወሊድ ጉዳይ ታላቅና ትንሽ የማይለይ ሐዘን ነበረ። በለንደን ከተማ የሕፃናት ነርስነት የተማሩት ልዕልት ፀሐይ ኀይለ ሥላሴ፣ በ1942 ከጋብቻቸው ጥቂት ወራት በኋላ በነቀምት ከእርግዝና ጋራ በተያያዘ ሕመም ዐረፉ። በስማቸው የተሠራው መታሰቢያ ሆስፒታል በ1951 ተከፈተ፤ ይኸውም ከልደታ ወደ ምዕራብ ሲሄዱ ጦር ኃይሎች በሚባለው ሰፈር የሚገኘው ነው። በ1959 ዶክተር ሬጂናልድና ዶክተር ካትሪን ሐምሊን ከአውስትራሊያ የመጡት፣ በዚሁ ሆስፒታል የአዋላጆች ትምህርት ቤት ለማቋቋም ነበረ። በ1964 የአዲስ አበባው ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ፋኩልቲ ተቋቋመ፤ ፋኩልቲው ዛሬ የሚያስተምርበት የጥቁር አንበሳ ሆስፒታልም በልደታ ክፍለ ከተማ ይገኛል። በዛሬው ቀን በአገራችን በቀዶ ሕክምና የሚወልዱ እናቶች አብዛኞቹ ከወገባቸው በታች ብቻ የሚያደነዝዝ መርፌ በጀርባቸው ይወጋሉ፤ ስለዚህም እናቲቱ ነቅታ የልጇን የመጀመሪያ ድምፅ ትሰማለች። ማደንዘዣውንም በብዙ ሆስፒታሎች የሚሰጡት ሐኪሞች ሳይሆኑ ለዚሁ የሠለጠኑ የሰመመን ባለሙያዎች ናቸው፤ ዶክተር አፕጋርም መጀመሪያ የተማሩት ከነርሶች እንደ ነበረ እዚህ ላይ ማስታወስ ይገባል።

ሆኖም ስለ ነጥቡ ጕድለት ሳንናገር ብንቀር ታሪኩን አላሟላንም። ከአምስቱ ምልክቶች አንዱ የሆነው ቀለም የተጻፈው በነጭ ሕፃን ቈዳ መጠን ነው፤ «ሰውነቱ ሁሉ የቀላ» የሚለው መለኪያ ለኛ ልጆች እንዳለ አይስማማም። ስለዚህ ብልህ አዋላጅ የሕፃኑን ከንፈር፣ ምላስ፣ መዳፍና የእግር ውስጥ ትመለከታለች። እንደዚሁም ነጥቡ ስለ ልጁ የወደፊት አእምሮ ወይም ዕድል ትንቢት አይናገርም፤ ጊዜው ሳይደርስ የተወለደ ሕፃን ነጥብ ዝቅ ማለቱም ብቻውን ታፍኖ ነበረ አያሰኝም። ከሁሉም በላይ ነጥቡን እጠብቃለሁ ተብሎ ርዳታ አይዘገይም። የዛሬ አዋላጆች ያችን ደቂቃ «ወርቃማዪቱ ደቂቃ» ይሏታል፤ ያልተነፈሰ ሕፃን ደቂቃዋ ሳትሞላ አየር ሊሰጠው ይገባልና። እጅ አስቀድሞ ይሠራል፤ ቍጥሩ ከዚያ በኋላ ይጻፋል።

እንግዲህ ከዚህ ታሪክ ምን እንማራለን? በእኛ አስተያየት የዶክተር አፕጋር ትልቁ ሥራ ዐሥር ነጥብ ማውጣታቸው አይደለም። ነጥቡን ለመስጠት አንድ ሰው ወደ ሕፃኑ ቀርቦ መመልከት፣ ልቡን መዳሰስ፣ ትንፋሹን ማድመጥ ግድ ይሆንበታል። ቀድሞ ወደ ጥግ ይተው የነበረው ሕፃን ቍጥር ስለሚጻፍለት ብቻ የሚያየው ሰው አገኘ። ቍጥር መዝገብ ለመሙላት ሲፈለግ ሰውን ያርቃል፤ ሰውን ለማየት ሲፈለግ ግን ያቀርባል። በትምህርት ቤት የተማሪ ውጤት የምንሞላ፣ በመሥሪያ ቤት የባለጉዳይ ፋይል የምንቈጥር ሁሉ፣ የምንጽፈው ቍጥር ወደ ማን እንዳቀረበን ራሳችንን ብንጠይቅ መልካም ነው።

ያ «4» ተብሎ የተጻፈለት የእኅታችን ልጅ ዛሬ በእግሩ ይሮጣል፤ ስሙን ሲጠሩት አይሰማም፤ ሲጮኽ ግን ጎረቤት ሁሉ ይሰማዋል። እናቱ ጩኸቱ ሲሰለቻት «ኧረ ዝም በል!» ትለዋለች። እኛ ግን ያችን የመጀመሪያዪቱን ደቂቃ ከደጅ ቆመን ያሳለፍን ስለ ሆንን ዝም እንዲል አናዘውም።